«ትናንት ይሠራ ነበር»፦ ብሮውዘር ሲታደስ በቸርችል ጎዳና

ከማዘጋጃ ቤት ተነስቶ ቴዎድሮስ አደባባይን፣ ፖስታ ቤትንና ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልን እያለፈ ቁልቁል ለገሃር የሚወርደው ቸርችል ጎዳና ባለጉዳይ የማይጠፋበት መንገድ ነው። ማመልከቻ የሚያስጽፍ፣ የትምህርት ማስረጃ ኮፒ የሚያደርግ፣ ፎርም የሚያስሞላ፣ ጉርድ ፎቶውን በኢሜይል የሚያስልክ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ይመላለስበታል። ወደ ፒያሳ በሚያስገቡት ቅያሶችና በሕንፃዎቹ ምድር ቤት ያሉት ትንንሽ ቤቶች ደጃፋቸው ላይ «ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ስካን፣ ኢንተርኔት፣ ፎርም እንሞላለን» ብለው ይለጥፋሉ። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ ብዙ የንግድ ቤቶች ቦታ ለቀዋል፤ ሥራው ግን አልቆመም።

በእነዚህ ቤቶች አንድ አቤቱታ ይደጋገማል። «የኔ ልጅ፣ ትናንት ይሠራ ነበር እኮ!» ትናንት የተከፈተው ገጽ ዛሬ አልከፈት ይላል። ሳይጠይቅ ያስገባ የነበረው ኢሜይል ዛሬ የይለፍ ቃል አምጡ ይላል። ቁልፉ ከቦታው ተነስቷል፣ ፊደሉ ቀጥኗል፣ ተመዝግቦ የነበረው አድራሻ ጠፍቷል። ጥፋቱ መጀመሪያ ለኔትወርኩ ይሰጣል፤ ኔትወርኩ ካለ ደግሞ «ሲስተም የለም» ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን የተለወጠው ብሮውዘሩ ነው። ማንም ሳያዘው ሌሊቱን ራሱን አድሷል፤ ወይም መታደስ ሲገባው ቀርቷል።

ብሮውዘር ድረ ገጽ የሚከፈትበት ፕሮግራም ነው፤ ክሮም፣ ፋየርፎክስ፣ ኤጅ፣ ኦፔራ፣ በአይፎን ደግሞ ሳፋሪ። ድሮ አዲስ እትም በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንዴ ይወጣ ነበር፤ የፈለገ ይጭነዋል፣ ያልፈለገ ይተወዋል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2008 የወጣው የጉግል ክሮም ይህን ልማድ ቀየረው (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ወይም «በእኛ» ካልተባለ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከበስተጀርባ ራሱን እንዲያድስ ተደርጎ ተሠራ፤ ከ2010 ጀምሮ በየስድስት ሳምንቱ፣ ከ2021 ጀምሮ ደግሞ በየአራት ሳምንቱ አዲስ እትም ይወጣለት ጀመር። ሌሎቹም ተከተሉት። በዓመት ከአሥር ጊዜ በላይ የሚለወጥ መሣሪያ እጃችን ላይ አለ ማለት ነው፤ ለውጡ ብዙ ጊዜ አይታይም፣ አንዳንዴ ግን የሰውን ቀን ያበላሻል።

የቆየ ዴስክቶፕ ያለበት ቤት የገባ ሰው ክሮም ሲከፈት ከአድራሻው መስመር በታች አንድ ቀጭን ማስታወቂያ ብቅ ሲል ያያል። ክሮም ከእንግዲህ እንዲታደስ ከተፈለገ ዊንዶውስ 10 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ ይህ ኮምፒውተር የሚሠራው በዊንዶውስ 7 ነው ይላል፣ በእንግሊዝኛ። ጸሐፊዋ ፎርም የሚያስሞላው ሰው አጠገቧ ቆሞ እየጠበቃት ነው፤ ሳታነበው በስተቀኝ ያለችውን ኤክስ ትጫናለች። ነገም ይመጣል፣ ነገም ትዘጋዋለች።

ከማስታወቂያው ጀርባ ያለው ታሪክ ይህ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 ጥገና መስጠት ያቆመው በጃንዋሪ 2020 ነው። ጉግል ሦስት ዓመት ታግሦ በፌብሩዋሪ 7 ቀን 2023 ክሮም 110ን ሲያወጣ ዊንዶውስ 7ንና 8.1ን ተወ። በእነዚያ ኮምፒውተሮች ላይ ክሮም 109 የመጨረሻው ሆኖ ቀረ። ከዚያ በፊት በ2016 ዊንዶውስ ኤክስፒም እንዲሁ ክሮም 49 ላይ ቆሟል። ፋየርፎክስ በዚህ ረገድ የተሻለ ልብ አሳይቷል፤ 115ኛውን እትሙን ለዊንዶውስ 7 ተጠቃሚዎች ማደሱን ቀጠለ፣ የማብቂያውንም ጊዜ ደጋግሞ ገፋ። ያረጀ ኮምፒውተር ላላቸው ቤቶች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚነግራቸው ሰው ቢኖር።

የቆመ ብሮውዘር በማግስቱ አይበላሽም። ለዚህም ነው ችግሩ የሚያደናግረው። ዓመት፣ ዓመት ተኩል ያህል ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። ከዚያ አንዱ ድረ ገጽ ገጾቹን በአዲስ ስልት እንደገና ያሠራል፤ አሮጌው ብሮውዘር ደግሞ ያንን ስልት አያውቀውም። ገጹ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ወይም ሁሉም ይታይና «ላክ» የሚለው ቁልፍ ብቻ ሲጫኑት ዝም ይላል። የስህተት መልእክት የለም። ባለጉዳዩ ሦስት ጊዜ ይሞላል፣ አራተኛ ጊዜ ተስፋ ቆርጦ ይወጣል። ይህ የሚጎዳው የማብቂያ ቀን ያለውን ጉዳይ ነው። በየዓመቱ በጥቅምት ወር የዲቪ ፎርም ለማስሞላት ሰው ሲሰለፍባቸው በነበሩት ቤቶች፣ ከፎቶው መጠን ጀምሮ ሁሉም ነገር በልክ ነበር፤ በቁመትም በወርድም 600 ፒክስል፣ ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ። ፎርሙ ገብቶ የማረጋገጫ ቁጥሩ ያለበት ገጽ ካልታየ ግን ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነበር።

በስልክም ያው ነው። ክሮም አንድሮይድ 7ን የተወው በ2023 መጨረሻ ነው፤ በ2025 ደግሞ 138ኛውን እትም የመጨረሻ አድርጎ አንድሮይድ 8ንና 9ን ተሰናበተ። ስልኩ አይሰበርም፣ ይደውላል፣ ፎቶ ያነሳል። ሞባይል ቤት ወስዶ «አፕዴት አድርጉልኝ» ያለ ሰው ግን «ይህ ስልክ ከዚህ በላይ አይቀበልም» ይባላል። ገንዘቡን አጠራቅሞ ያገለገለ ስልክ ለገዛ ወጣት ይህ መርዶ ነው፤ ሲገዛ ስንተኛው አንድሮይድ እንደሆነ ጠይቅ ያለው ሰው አልነበረምና።

መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚከሰተውም ችግር ከብሮውዘር ጋር የተያያዘ ነው ብሎ የሚገምት ጥቂት ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሲአር 2032 የምትባል የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ አለች። ሥራዋ መብራት ሳይኖር ሰዓቱንና ቀኑን ማስታወስ ነው። ዓመታት ሲቆዩ ትደክማለች፤ ስትደክም ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ቀኑ ፋብሪካ ወደሰጠው፣ ለምሳሌ ወደ 2009 ጃንዋሪ 1 ይመለሳል። ቃላት ለመጻፍ ወይም ለማተም ይህ ምንም አያስቸግርም። ኢንተርኔት ሲከፈት ግን ጉግልም፣ ፌስቡክም፣ ባንኩም፣ ሁሉም በቀይ ምልክት ይዘጋል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ደህንነቱ የተጠበቀ ድረ ገጽ ሰርተፊኬት የሚባል ነገር አለው፤ እንደ ቀበሌ መታወቂያ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። ብሮውዘሩ ሰርተፊኬቱን ያይና ከኮምፒውተሩ ሰዓት ጋር ያስተያየዋል። ኮምፒውተሩ ዛሬ 2009 ነው ካለ፣ ባለፈው ወር የተሰጠ ሰርተፊኬት ገና ያልተሰጠ ነው፤ ስለዚህ ብሮውዘሩ አላስገባም ይላል። የድሮዎቹ ብሮውዘሮች «ይሁን» የሚለውን ከተጫኑ ያሳልፉ ነበር። አዲሶቹ እየጠበቁ መጥተዋል፤ ብዙዎቹን ታላላቅ ድረ ገጾች በተመለከተ የማለፊያ መንገድ ጨርሶ አይሰጡም። ክሮም ሰዓቱ መሳሳቱን ሲጠረጥር ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል ብሎ ይናገራል፤ ግን ማን አንብቦት? «ከታደሰ በኋላ እምቢ አለ» የሚባለው ለዚህ ነው፤ ብሮውዘሩ የጠበቀው ሕግ ትክክል ነው፣ የደከመችው ባትሪዋ ናት።

እኛ አገር ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ቀኑ ተሳስቷል ሲባል ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያስተካክል ሰው ኮምፒውተሩን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል። የኮምፒውተሩ ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆን አለበት። ነገሩ ወደፊት ይብሳል እንጂ አይቀልም፤ ምክንያቱም የሰርተፊኬቶች ዕድሜ እያጠረ ነው። ከ2020 ጀምሮ ከ398 ቀን መብለጥ አይችሉም ነበር፤ ሰርተፊኬት ሰጪዎችና ብሮውዘር ሠሪዎች በ2025 በተስማሙት መሠረት ከማርች 2026 ጀምሮ ወደ 200 ቀን፣ በ2029 ደግሞ ወደ 47 ቀን ይወርዳል። ዓመት የተሳሳተ ሰዓት ብቻ ሳይሆን ሁለት ወር የተሳሳተ ሰዓትም ብዙ ገጾችን ይዘጋል ማለት ነው።

የሚያስቆጨው፣ ዘመናዊ ብሮውዘሮች የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ያውቁታል። ጳጉሜን ጨምሮ አሥራ ሦስቱም ወሮች ውስጣቸው አሉ፤ ድረ ገጽ የሚሠራው ባለሙያ በጥቂት ቃላት ጠርቶ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ማሳየት ይችላል። ባለጉዳዩን የልደት ቀኑን ወደ ፈረንጅ ቀይሮ እንዲሞላ ከማስገደድ ይህ ይሻላል። በነፃ የመጣ የእድሳት ጥቅም ነው፤ ሊጠቀሙበት ይገባል።

ብሮውዘር ሠሪዎች አንድ ኮምፒውተር የአንድ ሰው ነው ብለው ነው የሚነሱት። ቸርችል ጎዳና ላይ ያለ አንድ ኮምፒውተር ግን በቀን የሃያ ሰው ኢሜይል ይከፈትበታል። በሴፕቴምበር 2018 ክሮም 69 ሲወጣ አንድ ያልተነገረ ለውጥ ነበረው፤ ሰው ጂሜይሉን ሲከፍት ብሮውዘሩ ራሱ በዚያ ሰው ስም ይከፈታል። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የምስጢር አጻጻፍ ሊቅ የሆነው ማቲው ግሪን ይህን በአደባባይ ተቃወመ፣ ከእንግዲህ ክሮምን እንደማይጠቀምም ጻፈ። ቁጣው ሲበዛ ጉግል በክሮም 70 ማጥፊያ ማብሪያ አበጀለት፤ ነባሪው አሠራር ግን እንደነበረ ቀረ። በግል ላፕቶፕ ላይ ይህ ምቾት ሊሆን ይችላል። በኢንተርኔት ቤት ግን ባለጉዳዩ ሳይወጣ ከሄደ የሚቀጥለው ሰው የእሱን ፎቶ በማዕዘኑ ላይ ያገኛል፤ አንድ ቁልፍ በስህተት ቢጫን ደግሞ የቤቱ ብሮውዘር የያዛቸው የይለፍ ቃላት ወደ አንዱ ደንበኛ መዝገብ ሊሄዱ ይችላሉ። የቤቱ ባለቤት ደንበኛውን በኢንኮግኒቶ ወይም በእንግዳ መስኮት የማስጠቀም ልማድ ቢኖረው ከዚህ ሁሉ ይድናል።

ሌላው የኢንተርኔት ቤት ችግር ገንዘብ የሚበላ ነው። ብዙዎቹ ኮምፒውተሮቻቸውን ከቫይረስ ለመጠበቅ ዲፕ ፍሪዝ የሚባል ፕሮግራም ይጭናሉ። ኮምፒውተሩ ተዘግቶ በተከፈተ ቁጥር ዲስኩ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፤ ደንበኛ ያወረደው፣ የረሳው፣ ሳያውቅ የጫነው ሁሉ ይጠፋል። ለጋራ መገልገያ ግሩም መፍትሔ ነው። ግን ብሮውዘሩ ያወረደው እድሳትም አብሮ ይጠፋል። ጠዋት ክሮም ማርጀቱን ያውቅና እድሳቱን ያወርዳል፣ ማታ ይሰረዛል፣ በማግስቱ እንደገና ያወርዳል። አሥር ኮምፒውተር ያለው ቤት ያንኑ ፋይል በየቀኑ አሥር ጊዜ ይከፍልበታል። ኢንተርኔቱ ከሰዓት በፊት ለምን ቀርፋፋ እንደሆነ የማያውቅ ባለቤት ብዙ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ የምህንድስና ሥራ ቢነገር ያስፈልጋል። በ2009 የጉግል መሐንዲሶች ኩርዠት የሚባል ዘዴ ይፋ አደረጉ፤ እድሳት ሲላክ ሙሉው ፋይል ሳይሆን ከቀድሞው የተለየው ብቻ እንዲላክ የሚያደርግ ነው። በሰጡት ምሳሌ ሙሉው እድሳት 10 ሜጋባይት ከምናምን ነበር። በቀድሞው የልዩነት መላኪያ ዘዴ 704,512 ባይት ሆነ፣ በኩርዠት ደግሞ 78,848 ባይት ብቻ። ከመቶ እጅ አንድ እንኳ የማይሞላ። በሜጋባይት ለሚከፍል ሰው ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም። ነገር ግን ስጦታው የሚሠራው ብሮውዘሩ ከቅርብ ጊዜው እትም ሲነሳ ነው። ወራት ወደ ኋላ የቀረ ብሮውዘር ሙሉውን ፋይል ይጠይቃል፤ ሙሉው ደግሞ ዛሬ መቶ ሜጋባይት ገደማ ነው። ዳታ ለመቆጠብ ብሎ እድሳትን የሚያቆም ሰው መጨረሻ ላይ ይበልጥ ይከፍላል። ዲፕ ፍሪዝ ያለበትም ቤት በወር አንድ ቀን ማኅተሙን ፈትቶ፣ ሁሉንም አድሶ፣ መልሶ ቢያትም ያተርፋል።

ስለ ዳታ ከተነሳ በማርች 29 ቀን 2022 የሆነው ሊረሳ አይገባም። ክሮም 100 በወጣበት በዚያ ቀን በስልኮች ላይ የነበረው ዳታ ቆጣቢ አሠራር ተዘጋ። ጉግል የሰጠው ምክንያት በብዙ አገሮች የሞባይል ዳታ ዋጋ መቀነሱንና ክሮም ራሱ መሻሻሉን ነው። በብዙ አገሮች ማለት ግን በሁሉም ማለት አይደለም። ስድስት ኪሎ የሚማር፣ በቀን ፓኬጅ እየገዛ የሚኖር ተማሪ የተወሰደበትን ነገር ያወቀው ፓኬጁ ከወትሮው ቀድሞ ሲያልቅ ነው። ይህን ውሳኔ በሰው ኪስ ላይ የተወሰነ ውሳኔ ብሎ መጥራት ይቻላል።

ኦፔራ ሚኒ ለረጅም ጊዜ የተወደደው ለዚህ ነው። በ2006 ለዓለም የተለቀቀው ይህ ብሮውዘር ገጹን መጀመሪያ በራሱ ሰርቨር ላይ አሳንሶ ነው ወደ ስልክ የሚልከው፤ ቁልፍ ያላቸው ስልኮች ሳይቀሩ ኢንተርኔት ያዩት በእሱ ነው። (አጥብቆ በሚያሳንስበት አሠራር ገጹ በመሃል ሰርቨር ስለሚከፈት ለባንክ ጉዳይ ባይጠቀሙበት ይመረጣል።) በዚያ ዘመን ብዙ ስልኮች የአማርኛ ፊደል አልነበራቸውምና ጽሑፉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይደረደር ነበር። መድኃኒቱ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነበር፤ አድራሻው ላይ «ኦፔራ» እና «ኮንፊግ» የሚሉትን ቃላት በሁለት ነጥብ አያይዞ በእንግሊዝኛ መጻፍ፣ ከሚመጣው ዝርዝር ታች ወርዶ ለአስቸጋሪ ፊደላት ሥዕል ይጠቀም የሚለውን «አዎ» ማድረግ። ከዚያ በኋላ ሰርቨሩ ፊደሉን በሥዕል መልክ ይልካል፤ አማርኛው ይነበባል። ስልኩ ሲቀየር ወይም ኦፔራ ሚኒ እንደ አዲስ ሲጫን ማስተካከያው ይጠፋና ሳጥኖቹ ይመለሳሉ። አማርኛ ለማንበብ ብቻ ይህን ያህል የደከመ ትውልድ ነው።

የአማርኛ ፊደልና የብሮውዘር እድሳት ጉዳይ ከዚያም ይቀድማል። በሴፕቴምበር 1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 የግእዝ ፊደል 345 ምልክቶች ይዞ ዓለም አቀፍ ቦታውን አገኘ፤ በዚያ ሥራ ዳንኤል ያዕቆብን የመሰሉ ባለሙያዎች ለዓመታት ደክመዋል። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር ነበራቸው፤ የላቲንን ፊደል ቦታ ወስደው «ሀ»ን እዚያ ያስቀምጡ ነበር። ድረ ገጾችም መጀመሪያ ፊደላችንን አውርዱ ይሉ ነበር። ብሮውዘሮች ወደ ዩኒኮድ ሲያደሉ እነዚያ ገጾች ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክቶች ክምር ሆነው ቀሩ። ለአዲሱ ጽሑፍ መልካም ሆነ፤ ለአሮጌው ግን ማንም መልሶ ያልጻፈው ብዙ ጽሑፍ በዚያ መልኩ ተቀብሯል።

አሁንም ትንሽ ቅሪት አለ። በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኒያላ የሚባለው ፊደል ለብዙ አንባቢ የኮምፒውተር አማርኛ መልክ ነበር። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ኢብሪማ የሚባለው ሌላ ፊደል አማርኛን ጨመረ፤ በዊንዶውስ 10 ደግሞ ኒያላ አብሮ የማይመጣ፣ ከተፈለገ ለብቻ የሚጨመር ሆነ። ኮምፒውተሩን ያሳደሰ ሰው ብሮውዘሩን ሲከፍት ፊደሉ ተለወጠብኝ የሚለው ለዚህ ነው፤ ጥፋቱ ግን የብሮውዘሩ አይደለም። ኒያላን ታሳቢ አድርገው የተሠሩ ፎርሞችም መስመራቸው ይዛነፋል። ከሴቲንግ ውስጥ ተጨማሪ ነገሮች ወደሚጫኑበት ገብቶ የግእዝ ተጨማሪ ፊደላትን መጫን ነው መፍትሔው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አንዳንዴ ጥፋቱ በእውነት የሠሪዎቹ ይሆናል። በሜይ 2019 መጀመሪያ፣ በእኛ ሚያዝያ 2011 መጨረሻ፣ ሞዚላ አንድ የውስጥ ሰርተፊኬት ሳያድስ ቀርቶ በዓለም ዙሪያ ፋየርፎክስ ላይ የነበሩ ኤክስቴንሽኖች በአንድ ሌሊት ጠፉ፤ የማስታወቂያ መከላከያ፣ የይለፍ ቃል መያዣ፣ ሁሉም። ድርጅቱ በጥቂት ቀናት አስተካክሎ ይቅርታ ጠየቀ። በዲሴምበር 2019 ደግሞ ክሮም 79 በአንድሮይድ ላይ የመረጃ ማስቀመጫውን ቦታ ሲቀይር የቀድሞውን ይዞ አልሄደም፤ በብሮውዘሩ ሞተር የሚሠሩ መተግበሪያዎች ያስቀመጡት መረጃ የጠፋ መሰላቸው። ግማሽ ያህሉ ስልክ ጋ ከደረሰ በኋላ ነው ሥርጭቱ የቆመው። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. አጋማሽ ስልኩ ላይ ጂሜይልን በከፈተ ቁጥር ወዲያው የተዘጋበት ሰውም ያስታውሳል፤ ዌብቪው የሚባለው፣ መተግበሪያዎች ድረ ገጽ የሚያሳዩበት ክፍል፣ በእድሳት ተበላሽቶ ነበር። ስልኩን ወደ ፋብሪካው የመለሰና ፎቶውን ሁሉ ያጣ ቢኖር ያሳዝናል፤ የሚበቃው ያንን አንድ ክፍል እንደገና ማደስ ነበርና።

ታዲያ እድሳትን ማጥፋት ነው የሚሻለው? አይደለም። በሴፕቴምበር 2023 የአፕል ባለሙያዎችና በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ አንድ ቀዳዳ አመለከቱ፤ ዌብፒ የሚባለውን የፎቶ ዓይነት በሚያነበው ኮድ ውስጥ የነበረ ነው። የተበላሸ ፎቶ ያለበትን ገጽ መክፈት ብቻ ለአደጋ ያጋልጥ ነበር፤ ክሮምም ፋየርፎክስም በቀናት ውስጥ ታደሱ። ክሮም 109 ላይ የቆመ የቢሮ ኮምፒውተር እንዲህ ያለ ጥገና በየጊዜው አይደርሰውም። በዚያ ኮምፒውተር ላይ ነው የሰዎች ፓስፖርት ስካን የሚደረገው፣ የባንክ ሂሳባቸው የሚከፈተው።

ሲቲዝን ላብ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ሌላም ትምህርት ሰጥቷል። በዲሴምበር 2017 ባወጣው ምርመራ፣ በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎችና የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ዳይሬክተር በመሰለያ ሶፍትዌር እንደታደኑ አጋልጧል። መረቡ የተጣለው በእድሳት ስም ነበር። በኢሜይል የቪዲዮ አድራሻ ይላካል፤ ሲከፈት ቪዲዮውን ለማየት አዶቤ ፍላሽ ፕሌየርን ያድሱ ይላል። የሚወርደው ፍላሽ ፕሌየር ሳይሆን ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ የሠራው መሰለያ ነው። ፍላሽ ፕሌየር ራሱ በ2020 መጨረሻ ተዘግቷል፤ ብልሃቱ ግን አልተዘጋም። ዛሬም ብሮውዘርዎ አርጅቷል፣ እዚህ ተጭነው ያድሱ የሚሉ ገጾች ይመጣሉ። እውነተኛው እድሳት ከድረ ገጽ አይመጣም። ክሮም ላይ በስተቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭኖ፣ እርዳታ የሚለው ውስጥ ስለ ክሮም የሚለውን መክፈት ይበቃል፤ እድሳት ካለ እዚያው ይጀምራል፣ እትሙም በቁጥር ይታያል። አንድሮይድ ስልክ ላይ ከፕሌይ ስቶር ነው። ከዚህ ውጭ የመጣውን መዝጋት ነው።

የአገር ውስጥ ድረ ገጽ ሠሪዎችም ድርሻ አለባቸው። በፌብሩዋሪ 2020 ክሮም 80 ኩኪ የሚባሉት መለያዎች ከአንድ ድረ ገጽ ወደ ሌላው የሚተላለፉበትን ሕግ አጠበቀ፤ ከገበያ ገጽ ወደ ባንክ ገጽ ሄደው የሚመለሱ አሠራሮች ካልተስተካከሉ ደንበኛውን መሃል ላይ ያስወጡታል። ኮቪድ ሲመጣ ጉግል የጤናና የመንግሥት አገልግሎቶች እንዳይሰናከሉ በኤፕሪል ላይ ሕጉን ለጊዜው አነሳው፣ በጁላይ መለሰው። ሰው ሲቸገር እድሳት ሊዘገይ እንደሚችል ያሳየ ተግባር ነው። ግን የማስጠንቀቂያው ጊዜ የሚጠቅመው ለሚሰማው ነው። ክፍያና ምዝገባ በኢንተርኔት ብቻ ያደረገ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ገጹን በአዲሱ ክሮም ብቻ ሳይሆን በክሮም 109፣ በፋየርፎክስ 115 እና በርካሽ ስልክ ላይ መሞከር ይጠበቅበታል። ያልቻለውን ብሮውዘር ደግሞ በነጭ ገጽ ከማሰናበት በአማርኛ አንድ መስመር ቢጽፍለት፣ ባለጉዳዩ ሌላ ኮምፒውተር ፍለጋ በጊዜ ይሄዳል።

የሚቀጥለው ማዕበል ከወዲሁ ይታያል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ጥገና በኦክቶበር 14 ቀን 2025 ጨርሷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍልና ባመዛኙ ስምንተኛ ትውልድ ኢንቴል ወይም ከዚያ በላይ ይጠይቃል፤ እነዚህ የወጡት ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ነው። በፎቶ ኮፒ ቤቶች የሚታዩት ያገለገሉ ዴስክቶፖች ብዙዎቹ ከዚያ ያነሱ ናቸው። ማይክሮሶፍት የኤጅ ብሮውዘሩን በዊንዶውስ 10 ላይ ቢያንስ እስከ ኦክቶበር 2028 ማደሱን እንደሚቀጥል ተናግሯል፤ ጉግልም በዊንዶውስ 7 ጊዜ ከማይክሮሶፍት በኋላ ሦስት ዓመት ቆይቷል። ስለዚህ ጊዜ አለ። ለቤቱ ኮምፒውተር የሚገዛ ባለቤት ከራሙና ከዲስኩ በፊት ስንተኛ ትውልድ ነው ብሎ ይጠይቅ፤ ያለውን ማቆየት የሚፈልግ ደግሞ ዊንዶውስን ከሚተኩት የሊኑክስ ዓይነቶች አንዱን በአንድ ኮምፒውተር ላይ ከወዲሁ ይሞክር። ፋየርፎክስ እዚያ ይሠራል፣ ይታደሳል፣ አማርኛም ይጻፍበታል። ፓወር ግእዝ የሚባለውን የአማርኛ መጻፊያ የለመደች ጸሐፊ ግን እጇን ለማላመድ ሳምንታት ያስፈልጓታልና፣ ይህ ሙከራ የባለጉዳይ ሰልፍ በሌለበት ወር ቢጀመር ይሻላል።